እርጅናዬን መልስልኝ

ሰው ስንት ጊዜ ያረጃል? እኔ አንድ ጊዜ አርጅቼ ተመልሻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አረጀሁ፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ተመለስኩ። ግድ የላችሁም፣ ሳቁ። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ጥርሴ አልታየም ነበር፤ በእኔ ጦስ እህቴ ልትሞትብኝ ነበርና።

ደረጀ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩ ሲደርስብኝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ላጤ ነበርኩ። "ለምን አታገባም?" ለሚለኝ ሁሉ አንዲት ቀልድ ወርውሬ አልፋለሁ። እውነቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አያቴ ሃምሳ ሳይሞላው ነው የሞተው። አባቴ ደግሞ በቆጂ ላይ ገብስ ሲያስወቃ ውሎ "ትንሽ ልረፍ" ብሎ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ በዚያው ቀረ። እሱም ሃምሳን አላያትም። ስለዚህ ልደቴ በመጣ ቁጥር ሰው "እንኳን አደረሰህ" ሲለኝ እኔ በሆዴ "ቀረበ" እላለሁ። ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ልቀር? ሚስቴ ምን በወጣት!

ሰናይት ታናሽ እህቴ ናት። አሰላ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ አዳማ እየተመላለሰች ትታጠባለች። እጥበትን ያየ ያውቀዋል። ማሽኑ ደሟን ከክንዷ ስቦ፣ አጥቦ ይመልስላታል፤ ከዚያ ስትወርድ ያቺ ምላስ እንኳ ትደክማለች። ዘመድ ሁሉ ተመርምሮ እኔ ነኝ "ይሆናል" የተባልኩት። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጣት፣ ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም አዲስ አበባ ገብተን እንድንተኛ ተቀጠርን። ጉልበቷ እያለቀ ስለሆነ ሐኪሞቹ "ይቺን ቀጠሮ እንዳታሳልፏት" ብለው አስጠንቅቀውናል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከክፍል ስወጣ ሙሉጌታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሙሉጌታ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የላብራቶሪ ባለሙያ።

"ሻይ ልጋብዝህ" አለኝ።

"አንተ ሻይ የምትጋብዘው አንድ ነገር ስታበላሽ ነው። ምን አበላሸህ?"

አልሳቀም። ተከተልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከወራት በፊት ሙሉጌታ እርጅናን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ደም ያሰባስብ ነበር። ሰዎቹ የሚፈልጉት የአርሲ ደጋን ዕድሜ ጠገብ ሽማግሌዎችና፣ ከእነሱ ጋር የሚያነጻጽሯቸው እንደ እኔ ያሉ ጎልማሶችን ነው። ከረጅም ዕድሜ ጋር ይያያዛሉ የሚባሉ ጂኖች አሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ እነዚያ ጂኖች ላይ ምን እንደሚለወጥ ማየት ነው ሥራቸው። እናቴን ልጠይቅ በቆጂ በሄድኩ ቀን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ደም ሲቀበሉ ደረስኩና እኔም ሰጠሁ። ለሳይንስ ብዬ እንዳይመስላችሁ። የአባቴ ነገር ውስጥ ውስጡን ስለሚበላኝ ነው።

ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው። ጂን መጽሐፍ ነው በሉ። ጽሑፉ ከልደት እስከ ሞት ያው ነው። በገጹ ጠርዝ ላይ ግን በእርሳስ የሚደረጉ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ በአብዛኛው "ይህን ዝለለው" የሚሉ። ሳይንሱ ሜቲሌሽን ይለዋል። ዕድሜ ሲሄድ ምልክቱ አንዳንዱ ገጽ ላይ ይበዛል፣ አንዳንዱ ላይ ይለቃል። ደሙን ያገኘ ባለሙያ ምልክቶቹን አይቶ "ይህ ሰውዬ በዚህ ዕድሜ ገደማ ነው" ሊል ይችላል። ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀርብ ግምት ነው።

ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሙሉጌታ ስኳሩን ጨምሮ ማማሰሉን ማቆም አቃተው።

"ይህን ልነግርህ አይገባም" አለ። "ውጤት ለሰው አይነገርም፣ ለጥናት ብቻ ነው። ግን ሰኞ ልትቀደድ ነው። ዝም ብል ሕሊናዬ አይለቀኝም።"

"ተናገራ እንግዲህ!"

"የጎልማሶቹ ውጤት መጥቷል። ያንተን አየሁት። እነዚያ ጂኖች ላይ ያለው ምልክት የአርባ ሁለት ዓመት ሰው አይደለም።"

"የስንት ነው?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ከሰማንያዎቹ ሽማግሌዎች ጋር ነው የሚገጥመው።"

"ተሳስተው ይሆናላ!"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ደጋግመው እንዲያዩት ጠየቅኩ። ያው ነው።" ክንዴን ያዘኝ። "ደሬ፣ ይህ ነገ ትሞታለህ ማለት አይደለም እኮ። አንተ ራስህ ታስተምረዋለህ።"

አስተምረዋለሁ። አዎ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥሩ አድርጌ አስተምረዋለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን መምህሩ ጥሎኝ ጠፋ። የታየኝ አባቴ የተቀመጠባት ዛፍ ብቻ ናት። "አወቅኩ" አልኩ በሆዴ፤ "ለካ የቤታችን ነገር ይኸው ነው። በእኔም ጀምሯል።" ወደ ቤቴ የምትወስደውን አቀበት ሁልጊዜ እያፏጨሁ ነው የምወጣት። የዚያን ቀን መሐል ላይ ቆሜ ትንፋሼን አዳመጥኩ። እቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ትናንት ያልነበረ ሽበት ዛሬ ብቅ አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ነበረ እንጂ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ የእጄን ቆዳ አንድ በአንድ መረመርኩ። ሁሉም ያረጀ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ ኩላሊቴን ልከልክላት ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት "ዝም እላለሁ፣ ሰኞ ይድረስልኝ" ብዬ ነው። የፈራሁት ቢላዋውን ነበር፤ በሰማንያ ዓመት ገላ ቢላዋ ሥር መግባትን። ፈራሁ፤ ግን ዝም እላለሁ አልኩ።

ዝም ማለት ከሰናይት ጋር ይቻላል?

ዓርብ አዳማ ይዣት ሄድኩ። ማሽኑ ላይ ተኝታ፣ ደሟ በቱቦው ውስጥ ሲዞር እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ነኝ። ለካ የእጄን ጀርባ ቆንጥጬ ቆዳው ቶሎ ይመለስ እንደሆነ እያየሁ ኖሯል።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ምንም።"

"ከጠዋት ጀምሮ እጅህን እንደ ቲማቲም ታገላብጣለህ። ሰኞን ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ፣ አልቀየምህም።"

"አልፈራሁም።"

"በሞቴ?"

እህቴ ማሽን ላይ ተኝታ "በሞቴ" ስትለኝ ምን ልበል? እናንተስ ምን ትሉ ነበር? ነገርኳት። ስለ ጂኑ፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ሰማንያዎቹ ሽማግሌዎች። ቀለል አድርጌ፣ እየሳቅኩ ልነግራት ሞከርኩ፤ እጄን መቆንጠጤን ግን አልተውኩም።

መጀመሪያ ቀለደች። "የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ኩላሊት ልታሸክመኝ ነበር ማለት ነው? ተመርጦ ተመርጦ!" ከዚያ ቀልዱ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

"ስልኬን አቀብለኝ" አለች።

"ለምን?"

"አቀብለኝ!"

ባልተሰካው እጇ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረገችውና ደወለች። አዲስ አበባ ያለውን አስተባባሪ ነው ያገኘችው። "ሰናይት ነኝ፣ ከአሰላ። ሰኞ አልመጣም። አዎ፣ አስቤበታለሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት።"

"አብደሻል!" ብዬ ተነሣሁ። ስልኩን ልነጥቃት ስል ክንዷ ተንቀሳቀሰና ማሽኑ ይጮህ ጀመር። ነርሷ እየሮጠች መጣች። "ወንድም፣ ይውጡልኝ!" ብላ በሩን አሳየችኝ። ስወጣ ሰናይት ከኋላዬ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "አባባን ቀብሬያለሁ። አንተን በእኔ ኩላሊት ሰበብ አልቀብርህም። አለቀ!"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለአስተባባሪው መልሼ ደወልኩ። ሐኪም ነው፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሁሉንም ሰማኝ። "እንዲህ ያለውን ጥናት እኛ ለንቅለ ተከላ አንጠቀምበትም" አለኝ። "የእርስዎን ኩላሊት፣ ልብ፣ ደም ግፊት ሁሉ አይተናል፣ ደህና ነዎት። ችግሩ እሷ ናት። እሷ እሺ ካላለች ማንም አይነካትም።"

"ቦታውን ያቆዩልኝ፣ እለምንዎታለሁ።"

"እስከ እሑድ ማታ። ራሷ ደውላ እሺ ካላለች ቀጣዩን ሰው እንጠራለን።"

ከአዳማ ወደ አሰላ ስንመለስ ሐኪሙ ያለውን ልነግራት ስሞክር ጆሮዋ ላይ ሻሿን ጎትታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ምን ላድርግ? እሷን የሚያሸንፍ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እናታችን። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ በቆጂ ወጣሁ። ሳጉሬን አልፈን ብርዱ ሲጀምር የበቆጂ ሯጮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይወርዳሉ። ሌላ ጊዜ ደስ ይሉኛል። የዚያን ቀን ግን ስንቱ ወጣት ነው ብዬ ቀናሁባቸው።

እናቴ ግቢ ስገባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ከኦቦ ቱፋ ጋር ትስቃለች። ኦቦ ቱፋ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ዱላቸው አብራቸው የተወለደች የምትመስል። የዚያን ቀን ግን ዱላዋ የለችም። አዲስ ባርኔጣ አድርገዋል።

"አከም ጂርቱ ኦቦ ቱፋ?" ብዬ ልማዴ ነውና እጅ ልነሣ ጎንበስ አልኩ።

"ተው፣ ተው! ለእኔ ጎንበስ አትበል" አሉኝ እየሳቁ። "እኔና አንተ እኩያ ነን!"

"ምን ማለት ነው?"

እናቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። "ጉዳቸውን አልሰማህም! ያን ለት ደም የወሰዱት ሰዎች ባለፈው ተመልሰው መጥተው ነበር። 'ምን ይበላሉ? እንዴት ይተኛሉ?' እያሉ ሲያደርቋቸው ዋሉ። አንደኛው አፉ አላርፍ ብሎት 'አባባ፣ ደምዎ የጎልማሳ ነው' አላቸው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላቸው! ዱላቸውን ጣሉ። ጮሌ ከተማ ላለች ሴት ሽማግሌ ልከዋል፣ ሊያገቡ!"

"ኤዬ!" አሉ ኦቦ ቱፋ ደረታቸውን ነፍተው። "ገብስ ነው። ገብስ የበላ አያረጅም።"

እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እናቴን ለብቻዋ ይዤ ስለ ሰናይት ልነግራት አስባለሁ። እናቴ ግን ቀጠለች፦ "አንተን ማመስገን አለባቸው እኮ። ያን ለት በዝናብ ተደብድበው ሲገቡ ተነሥተህ ካርድህን ባትሰጣቸው ኖሮ፣ ተራቸው እስኪደርስ በብርድ ያልቁ ነበር።"

ቆምኩ።

ቀኑ እንደ ገና ታየኝ። አዳራሹ ሙሉ ነው። መዝጋቢዋ ለያንዳንዱ ሰው ቁጥር ያለበት ካርድ ትሰጣለች። ውስጥ ያለችው ልጅ በቁጥር ትጠራለች። እኔ ቀጣዩ ነኝ። ዝናቡ ሲያይል ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ ገቡ፤ አዳራሹ በሙሉ "ኖር!" ብሎ ተነሣ። እሳቸው ሲመዘገቡ የደረሳቸው የመጨረሻው ካርድ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ መጨረሻ አይቆምም። ጤና ጣቢያም ይሁን ባንክ፣ ቀዳሚው ሰው ካርዱን ሰጥቶ የሽማግሌውን ካርድ ይቀበላል። እኔም "አባቴ፣ በእኔ ይግቡ" ብዬ ካርዴን በእጃቸው አስያዝኩ። የሳቸውን ይዤ መጨረሻ ቆምኩ። ሰው ሁሉ "ተባረክ" አለኝ።

ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ።

"ሙሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደሙ የሚገባበት ብልቃጥ ላይ ስሙ የሚለጠፈው መቼ ነው?"

"ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ሰውየው እንደተመዘገበ፣ ከካርዱ ጋር አብሮ ይለጠፋል። ለምን?"

"ውስጥ ያለችው ልጅ ስም አትጠይቅም?"

"ካርዱን ታያለች፣ በቁጥሩ ብልቃጡን ታነሣለች። ለምንድን ነው?"

"እኔ ካርዴን ለሽማግሌ ሰጥቻለሁ። የሳቸውን ይዤ ነው የገባሁት።"

ከዚያ "ወይኔ ጉዴ!" የሚል ድምፅ መጣ። "የሽማግሌዎቹን ውጤት የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የናንተን ብቻ ነው ያየሁት። ደሬ፣ እዚያ አንድ ሽማግሌ ደማቸው..."

"የጎልማሳ ነው ተብለዋል። አጠገቤ ተቀምጠዋል።"

ደስ አለኝ? እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን ቀና ስል ኦቦ ቱፋን አየኋቸው። አማርኛውን በደንብ ነው የሚሰሙት። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ያ ደም ያንተ ነው?" አሉኝ።

"ይመስለኛል፣ አባቴ። እንደ ገና ተወስዶ እስኪታይ ድረስ እርግጡን ማወቅ አይቻልም። ግን ይመስለኛል።"

ከዚያ ስለ ሰናይት ለእናቴ ነገርኳት። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ኦቦ ቱፋም እዚያው ናቸው፤ ሁሉንም ሰሙ። ስጨርስ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። አጥሩን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ተሰማን።

"ምነው ልጄ፣ ሰበርካቸው እኮ" አለች እናቴ።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ደስታዬን ከሳቸው ላይ ነጥቄ እንደወሰድኩት ሆኖ ተሰማኝና አፈርኩ።

እሑድ እናቴን ይዤ ወርጄ ሰናይት ቤት ተፋጠጥን። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ እኔ በሩ ጋ። ሰናይት ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ግን እንደ ወትሮው ነቅቷል። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናት። ሰማችንና አጨበጨበች።

"ጎበዝ! ማታ ተቀምጣችሁ የፈጠራችሁት ነው? ካርድ ተቀያየረ! ዝናብ ዘነበ! ጮሌ ያለችው ሴት ደግሞ ጥሩ ናት፣ እሷን ማን ነው የጨመራት?"

"ልጄ፣ እኔ እናትሽ እዋሻለሁ?" አለች እናቴ።

"እኔን ለማዳን? በደንብ ነዋ! እኔም ብሆን እዋሻለሁ።"

"ሙሉጌታ ጋ ልደውልልሽ" አልኳት።

"ጓደኛህ አይደል? እሱም ይዋሽልሃል።"

"ደሜ እንደ ገና ተወስዶ..."

"ውጤቱ መቼ ይመጣል?"

ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። እሷም ታውቃለች።

"ያኔ እንነጋገራለና" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምሳ ቀረበ፣ ማንም አልበላ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ እሱን አያለሁ፣ እናቴ እኔን ታያለች። ውጪ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቀኑ እየሄደብኝ መሰለኝ። ተንበርክኬ ልለምናት ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ! ተነሥቼ አንድ እርምጃ እንደሄድኩ በሩ ተንኳኳ።

ኦቦ ቱፋ ናቸው። ብቻቸውን። ከበቆጂ በሚኒባስ ወርደው፣ ሰው እየጠየቁ ነው ቤቱን ያገኙት። ባርኔጣዋ የለችም። ዱላቸው ተመልሳለች።

"ኖር!" ብለን ተነሣን። ሰናይትም እንዳቅሟ ልትነሣ ሞከረች።

"በእግዜር፣ አትነሡ" አሉና ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ትንሽ አረፉ። እኔን ግን አላዩኝም።

"ልጄ፣ አታምኚም ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ኦቦ ቱፋ፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ ግን እርስዎም ለእናቴ ሲሉ..."

"እኔን ስሚኝ። እነዚያ ሰዎች ደምህ የጎልማሳ ነው ያሉኝ ቀን፣ ስንት ዘመኔ ነው እንደዚያ ደስ ካለኝ! ማታ ስተኛ ለራሴ ሳቅኩ። ሰው እየመጣ ምን በላህ ይለኛል። ሽማግሌ ላክሁ። ዱላዬን ጣልኩ። ትናንት ቤቴ ገብቼ ዘግቼ አሰብኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እንደ ገና ደም የሚወስዱት ገና ነው። እስከዚያ ድረስ ጎልማሳ ሆኜ እቆይ ነበር።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እንዲህ ያለ ደስታ ያገኘ ሽማግሌ፣ ውሸት ለመናገር ብሎ ከበቆጂ ድረስ ተሳፍሮ መጥቶ ይመልሰዋል?"

ሰናይት ዓይኗን ዱላቸው ላይ ጣለች።

ከዚያ ኦቦ ቱፋ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ውኃ ነበር።

"አንተም ስማ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ያን ዕድሜ በነጻ አላገኘሁትም። ልጆች ቀብሬበታለሁ። ችግር አይቼበታለሁ። አርሼበታለሁ፣ ስቄበታለሁ። እነዚያ አሉ የምትሏቸው ምልክቶች ሁሉ የእኔ ናቸው። አንተ ጋ ምን ይሠራሉ? አንተ ገና ምን አየህና! እርጅናዬን መልስልኝ።"

እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። የሚይዝ ነገር የለኝም እኮ፤ ምን ልስጣቸው? ተንበርክኬ ሁለቱን እጆቼን መዳፋቸው ላይ አደረግኩ። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። እሳቸው ራሴን ዳሰሱኝ።

ከኋላዬ የሰናይት ድምፅ መጣ፣ ቀጭንና የተቆራረጠ። "ደሬ፣ ስልኬን አቀብለኝ።"

ዓርብ ዕለት በዚሁ ቃል ነበር የቀበረችኝ። አቀበልኳት። ደወለች። "ሰናይት ነኝ፣ ከአሰላ። እመጣለሁ። ነገ ጠዋት እንመጣለን፣ ሁለታችንም።"

የቀረውን አላስረዝምባችሁም። ሰኞ ገባን። በዚያው ሳምንት ኩላሊቴ ከእኔ ወጥታ እሷ ውስጥ ገባች። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ "ደሬ ይተነፍሳል?" ነበር አሉኝ። እኔም ተነፈስኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ከወራት በኋላ ሙሉጌታ አዲሱን ውጤት ይዞ መጣ። የኦቦ ቱፋ ደም ከሰማንያዎቹ ጋር ቦታው ተመልሷል። "ያንተ ደግሞ እዚያው ዕድሜህ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ከፍ ይላል" አለኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። እንደ ድሮዬ ብሆን እስኪነግረኝ አንገቱን እይዘው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከቤታችሁ አንድ ሰው ያለ ዕድሜው የተለያችሁና እንደ እኔ ልደታችሁ ሲመጣ "ቀረበ" የምትሉ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እነዚያ ምልክቶች እውነት ናቸው፤ አሁንም ለተማሪዎቼ አስተምራቸዋለሁ። ስላለፈው ዕድሜ ብዙ ያወራሉ። ጥላ ሥር የምትቀሩበትን ቀን ግን አይናገሩም። እኔ ከሐሙስ እስከ እሑድ ሌላ ሰው የኖረውን ዕድሜ ተሸክሜ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ትንፋሼ ሲያጥረኝ አየሁት። በደሜ ውስጥ ምንም አልነበረም። ፍርሃቴ ብቻ ነበር፣ እና ከዚያ በፊትም ስንት ዓመት ያለ ሚስት ያለ ልጅ ያስቀመጠኝ እሱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አሁን አንዲት ሴት አለች፤ ስለ እሷ ገና ብዙ አላወራም፣ ሰናይት እንዳትሰማኝ።

ጮሌ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ምን እንዳለች ሰምታችኋል? ነገሩ ሁሉ ሲነገራት "እኔ የማገባው ሰውየውን ነው፣ ደሙን ምን ላድርገው?" አለች። እሺ አለች ማለት ነው።

ሠርጉ ላይ በቆጂ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል፣ እኔና ሰናይት ጥሩ ቦታ ይዘን ተቀምጠናል። ሰናይት ፊቷ በርቷል፣ ከመጣች ጀምሮ የሙሽራዋን ፀጉር አሠራር ስታማ ነው የዋለችው። አንድ ጎንበስ ያሉ አዛውንት ገቡ። "ኖር!" ተባለ። እኔም ልማዴ ነውና ብድግ ብዬ ወንበሬን ላስረክብ ስል የኮቴ እጅጌ ወደ ኋላ ተጎተተ።

"ወንበሩን ስጣቸው" አለችኝ ሰናይት በጆሮዬ። "ሌላ ነገር ግን እንዳትሰጥ። የቀረችህ አንዷ ናት።"